በደሴና በኮምቦልቻ ለሁለትና ለሦስት አሠሪዎች ጎን ለጎን መሥራት፦ የአሠራር መመሪያ

ቀን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውሎ ማታ ደሴ ኮሌጅ የሚያስተምር፣ እሑድ ደግሞ ፒያሳ ወይም አራዳ የአንድ ሱቅ ሒሳብ የሚይዝ ሰው በሁለቱ ከተሞች ብርቅ አይደለም። ደመወዝ ከገበያው ጋር እኩል መራመድ ካቃተው ቆይቷል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች ከነካ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 23 ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ወጥታ ለአሜሪካ ገበያ የሚያመርቱ የኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካዎች ከተጎዱ በኋላ፣ ኑሮውን በአንድ አሠሪ ላይ ብቻ መጣል የሚያስፈራው ሰው ቢበዛ አያስደንቅም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሥራ ሊጀምር ላሰበ፣ ጀምሮም ከአሠሪዎቹ ጋር መግባባት ለከበደው ደመወዝተኛ ነው። የመመሪያው መነሻ አንድ ነው። ብዙ አሠሪ ያለውን ሰው ከአሠሪዎቹ ጋር የሚያጣሉት ባመዛኙ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ሰዓት ለሁለት ሰው መስጠትና አንዱ አሠሪ ስለ ሌላው ከባዳ መስማቱ። ደሴ ላይ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው። የፋብሪካው የሰው ሀብት ኃላፊና የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው በአንድ ቅሬ (እድር) ሊታቀፉ፣ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ሊቀመጡ፣ በጁምዓ ወይም በእሑድ ቅዳሴ ሊገናኙ ይችላሉ። የሚደበቅ ሥራ የለም ብሎ መነሣት ይሻላል፤ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ከዚህ ይመነጫሉ።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ይዘን እንሂድ። ነዋሪነቷ ደሴ የሆነ የሒሳብ ባለሙያ ኮምቦልቻ ባለ ፋብሪካ ቋሚ ሠራተኛ ናት፤ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ደሴ ባለ የግል ኮሌጅ ታስተምራለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ መዝገብ ትይዛለች።

ደረጃ 1፦ እያንዳንዱ ሥራ ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት

ሦስቱም ሥራዎች ገንዘብ ስለሚያስገኙ ብቻ አንድ ዓይነት አይሆኑም። የፋብሪካው ሥራ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚገዛ ቅጥር ነው። የኮሌጁ ሥራ እንደ ውሉ ይወሰናል፤ ኮሌጁ በፔሮል ከፍሎ፣ ሰዓት አስፈርሞና ተቆጣጥሮ የሚያሠራ ከሆነ ቅጥር ነው፤ አንድን ኮርስ በቁርጥ ዋጋ ለመስጠት በራስ ኃላፊነት የተገባ ውል ከሆነ ግን ወደ ሙያ አገልግሎት ያጋድላል። የሱቁ ሥራ ብዙውን ጊዜ በቃል ብቻ የቆመ ነው። በሰው ቤት የሚሰጥ የቤት ውስጥ አገልግሎት፣ የሥራ መሪነትና በግል ሙያ የሚሠራ ሥራ ከዚህ አዋጅ ውጪ ስለሚወድቁ፣ የዓመት ፈቃድና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ከማንሣትዎ በፊት የትኛው የት እንደሚመደብ ማወቅ አለብዎት።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ መንገዱ የተለየ ነው። የሚተዳደሩት በሲቪል ሰርቪስ ሕግ በመሆኑ፣ በሆስፒታል የሚሠራ ነርስም ሆነ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ሌላ ቦታ ከመፈረሙ በፊት ከመሥሪያ ቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። «ሁሉም ይሠራል» የሚለው ወሬ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ማስረጃ አይሆንም።

በዚሁ ደረጃ ላይ ከሥራዎቹ አንዱን ዋና ብለው ይሰይሙ። ዋናው ሥራ የግድ ብዙ የሚከፍለው አይደለም፤ ቢቀር ቤትዎን የሚያናጋው ነው። ግጭት በመጣ ቀን ማን እንደሚቀድም ዛሬ በሰላሙ ጊዜ ካልተወሰነ፣ ያን ዕለት የሚወስነው መጀመሪያ ስልክ የደወለው አሠሪ ነው።

ደረጃ 2፦ ውሉንና የሥራ ደንቡን ማንበብ

ደመወዝተኛ ከሥራ ሰዓቱ ውጪ ሌላ ሥራ እንዳይሠራ የሚከለክለው ገደብ ባመዛኙ የሚመጣው ከሦስት ወረቀቶች ነው፤ ከቅጥር ውሉ፣ ከድርጅቱ የሥራ ደንብና ማኅበር ካለ ከኅብረት ስምምነቱ። ብዙ ሠራተኛ ውሉን በፈረመበት ቀን ካየው ወዲያ አይቶት አያውቅም። ቅጂ ከሌለዎት ከሰው ሀብት ክፍል ይጠይቁ፤ የሥራ ደንቡም ብዙውን ጊዜ በዚያው ክፍል ይገኛል።

የሚፈልጉት «በሌላ ድርጅት መሥራት»፣ «የጥቅም ግጭት»፣ «ምስጢር» እና «የሥራ ቦታ ዝውውር» የሚሉ አንቀጾችን ነው። የመጨረሻው ለምን እንደተጨመረ ግልጽ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ፋብሪካው ወደ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ የማዛወር መብት ካለው የማታው ኮሌጅ ሥራ በአንድ ደብዳቤ ሊያበቃ ስለሚችል፣ ለኮሌጁ የሙሉ ዓመት ቃል ከመስጠት በፊት መታወቅ ያለበት ነገር ነው። ውሉ ሌላ ሥራን በግልጽ የሚከለክል ከሆነ ሁለት አማራጭ ብቻ ይቀራል፤ የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት ወይም መተው። ተደብቆ መሥራት ሦስተኛ አማራጭ ይመስላል እንጂ የስንብት ቀጠሮ ነው።

በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛ ሁለተኛ ሥራ ባይጀምር ይመረጣል። የሙከራው ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ይህ ጊዜ አሠሪው ሰዓት አክባሪነትን የሚለካበት ስለሆነ እስኪያልቅ መታገሥ አያከስርም።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን ከነመንገዱ በወረቀት ላይ ማስላት

በአዋጁ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በትርፍ ሰዓት የሚሠራውም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ተገድቧል። እነዚህ ገደቦች የሚሠሩት በአንድ አሠሪና በሠራተኛው መካከል ነው፤ ኮሌጁ ለፋብሪካው ውሎ የትርፍ ሰዓት አይከፍልም፣ ፋብሪካውም የኮሌጁን ማታ አይቆጥርም። ስለዚህ ድምሩን የሚቆጥር ከእርስዎ በቀር ማንም የለም። ሁለቱ ሲደመሩ የሚመጣውን 60 ሰዓት እንደ ራስ ልክ መያዝ፣ ሕጉ ለአንድ አሠሪ እንኳ ከዚህ በላይ አይፈቅድምና፣ ምክንያታዊ ይመስለኛል።

የምሳሌያችንን ሳምንት እንይ። ፋብሪካው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡00 እስከ 6፡00፣ ከሰዓት ከ7፡00 እስከ 11፡00፣ ጠቅላላ 48 ሰዓት ይወስዳል። ኮሌጁ በሁለት ማታ 4 ሰዓት፣ ለዝግጅትና ለፈተና እርማት ቢያንስ 3 ሰዓት ይፈልጋል። ሱቁ 4 ሰዓት ነው። ድምሩ 59 ስለሆነ ልክ የመጣ ይመስላል፤ መንገዱ ግን አልተቆጠረም። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀና ከአንድ ሰዓት በታች የሚያልቅ ቢሆንም፣ መናኸሪያ ላይ ሚኒባስ እስኪሞላ የሚጠበቀው፣ የነዳጅ ሰልፍ ባለበት ሰሞን የሚጠፋው ጊዜ ሲታከል ደርሶ መልስ በቀን 2 ሰዓት መያዝ አይበዛም። በስድስት ቀን 12 ሰዓት፣ ጠቅላላ 71 ሰዓት ይሆናል።

ይህ መንገድ ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስትሆን ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ በመካከል ያለው የሐረጎ ዳገት በክረምት በጉም ይሸፈናል፤ አንድ ተሳቢ መኪና ጠመዝማዛው ላይ ቢቆም ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ከፋብሪካ 11፡00 ሰዓት ወጥቶ ደሴ 12፡00 ሰዓት ላይ ክፍል እገባለሁ ብሎ መፈረም፣ መዘግየትን ፈርሞ መቀበል ነው። ኮሌጁን ገና ከመጀመሪያው 12፡30 እንዲያደርገው መጠየቅ፣ ለሐምሌና ለነሐሴም ከተቻለ የማታ ክፍል አለመውሰድ ይገባል። አንድ ሰዓት አስቀድሞ ቢጠየቅ የሚሰጥ ዲን፣ ተማሪ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ግን ግማሽ ሰዓትም አይታገሥም።

የእሑዱ ሥራ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። አዋጁ ለሠራተኛው በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ ምሳሌያችን ላይ ያለችው ሴት ግን ይህንን ዕረፍት በገዛ እጇ ለሱቁ ሸጣዋለች። ሱቁን በሁለት ሳምንት አንድ እሑድ ማድረግ፣ በመካከል ያለውን ደረሰኝ ነጋዴው በአንድ ካርቶን እንዲያስቀምጥ ማስለመድ ይቻላል። የሌሊት ጥበቃ አድሮ ቀን ባጃጅ የሚነዳ፣ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ጠዋት ክሊኒክ የሚገባ ሰው ጉዳይ ግን ከድካም ያለፈ ነው። በእንቅልፍ እጦት የሚመጣው ስሕተት የሌላን ሰው ሕይወት የሚነካባቸው ሥራዎች ከሌሊት ሥራ ጋር መጣመር የለባቸውም፤ እዚህ ላይ የሰዓት ድልድል መፍትሔ አይሆንም።

ደረጃ 4፦ አሠሪው ከሰው ከመስማቱ በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ

አብዛኛው ሰው የሚዘልለው ደረጃ ይህ ነው፤ «ካልጠየቁኝ ለምን እናገራለሁ» የሚለው ክርክር የተለመደ ነው። ችግሩ አሠሪው ሁለተኛውን ሥራ ከሌላ ሰው በሰማ ዕለት፣ ከዚያ በፊት የነበረው ማርፈድና ማዛጋት ሁሉ ወደኋላ ተቆጥሮ ትርጉም ማግኘቱ ነው። ቀድሞ የተነገረው አሠሪ ግን ያንኑ ማርፈድ በመንገዱ ያመካኛል።

መጀመሪያ የቅርብ አለቃን በቃል ማነጋገር፣ ቀጥሎ ለሰው ሀብት በደብዳቤ መጻፍ ተገቢው ቅደም ተከተል ነው። አለቃን ዘልሎ ደብዳቤ ማስገባት አለቃን ማሳጣት ሆኖ ይቆጠራል። ንግግሩ አጭር ይሁን፤ «ጋሼ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔው ልንገርዎት ብዬ ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ደሴ ማስተማር ልጀምር ነው፤ ከዚህ የምወጣው በሰዓቴ ነው» ማለት ይበቃል። ደብዳቤው ደግሞ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል።

«ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
ኮምቦልቻ
ጉዳዩ፦ ከመደበኛ የሥራ ሰዓት ውጪ የምሠራውን ሥራ ስለማሳወቅ
ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ በፋይናንስ ክፍል በሒሳብ ሠራተኛነት የማገለግል ስሆን፣ ከጥቅምት 1 ቀን ጀምሮ ደሴ ከተማ በሚገኝ የግል ኮሌጅ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 12፡30 እስከ 2፡30 በትርፍ ጊዜ መምህርነት ለመሥራት መስማማቴን አሳውቃለሁ። ሥራው ከድርጅቱ የሥራ ሰዓት ውጪ የሚከናወን ሲሆን የድርጅቱን መረጃም ሆነ ንብረት አይመለከትም። በእነዚህ ሁለት ቀናት የትርፍ ሰዓት ሥራ ሲኖር አስቀድሞ ቢገለጽልኝ ተለዋጭ ለማመቻቸት ዝግጁ ነኝ። ይህ ደብዳቤ ከማኅደሬ ጋር እንዲያያዝልኝ፣ ድርጅቱ የሚቃወመው ነገር ካለም በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
ከሠላምታ ጋር»

ደብዳቤው ቀንና ሰዓት ይናገራል፤ ምክንያት አይናገርም። «ደመወዜ ስላልበቃኝ» የሚል ሐረግ ከገባ ጉዳዩ ከሰዓት ጥያቄ ወደ ደመወዝ ጭማሪ ጥያቄ ይዞራል፤ ያ በራሱ ጊዜ የሚቀርብ ሌላ ጉዳይ ነው። የሌላው አሠሪ ክፍያም አይጻፍም። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ገቢ ይሁን፤ ቀንና የገቢ ቁጥር የተጻፈበት ቅጂ እርስዎ ዘንድ ይቅር።

ለኮሌጁም በተመሳሳይ፣ ቀን ቋሚ ሥራ እንዳለዎት በግልጽ ይነገር። ነጋዴው ደግሞ የሥራ ቀን በፋብሪካው የሥራ ሰዓት ስልክ ማንሣት እንደማይችሉ ይወቅ። ይህን ካልሰማ፣ የገቢዎች ሠራተኛ ሱቁ በመጣ ቁጥር ፋብሪካው ቢሮ ውስጥ ስልክዎ ሲጮኽ ይውላል።

ደረጃ 5፦ የቃል ስምምነትን በትሕትና ወደ ወረቀት ማምጣት

የቅጥር ውል በቃልም ሊመሠረት ይችላል። ሆኖም በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው ውሉ በተደረገ በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ የጽሑፍ መግለጫ ለሠራተኛው እንዲሰጥ አዋጁ ያዛል። ይህን አንቀጽ ጠቅሶ አንድ አንጋፋ ነጋዴ ፊት መቆም ግን የደሴ ደንብ አይደለም፤ ሰውየው «አላመነኝም» ብሎ ይቀየማል። «ሐጂ፣ ሰው ነንና እንረሳለን፤ ለእርስዎም ለእኔም እንዲመች በአንድ ገጽ እንያዘው» ቢባል ግን እምቢ የሚል ብዙ አይደለም። ገጹ ላይ አምስት ነገር ይስፈር፤ የሚሠራው ሥራ፣ የሚሠራበት ቀንና ሰዓት፣ ክፍያውና የሚከፈልበት ቀን፣ መዝገቡና ደረሰኙ የት እንደሚቀመጥ፣ አንዱ ወገን ማቆም ሲፈልግ ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚናገር። ሁለት ቅጂ፣ ሁለት ፊርማ።

ከእነዚህ የሚረሳው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። መዝገብ ለመያዝ የተስማማ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ገቢዎች ተሟጋች፣ ባንክ ተላላኪ፣ የነጋዴው ልጅ አስጠኚ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሥራው ሲጨምር ክፍያው አብሮ እንዲነሣ የሚያስችለው ያ ገጽ ብቻ ነው። ክፍያውንም በቴሌብር ወይም በባንክ መቀበል፣ «የመጋቢት ሰጥቼሃለሁ፤ አልሰጠኸኝም» የሚለውን ንትርክ ያስቀራል።

ደረጃ 6፦ የአንዱን ነገር ወደ ሌላው ቤት አለማስገባት

ነጋዴ መዝገቡን ሲከፍት የሚያሳየው የገዛበትን ዋጋና ማን በዱቤ እንደወሰደ ነው። በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሁለት የጨርቅ ሱቆችን ሒሳብ አንድ ሰው ቢይዝ፣ አንዲት ቃል ባይተነፍስም እንኳ፣ አንደኛው ዋጋ በቀነሰ ቀን ሌላው ጣቱን የሚቀስረው ወደ ሒሳብ ያዡ ነው። ሁለቱም ዐውቀው ካልፈቀዱ የተፎካካሪን ሥራ አለመውሰድ፣ የተለያየ ዘርፍ መምረጥ ይሻላል፤ ጨርቃ ጨርቅ የያዘ ሰው ሁለተኛ ካስፈለገው የሕንፃ መሣሪያ ወይም መድኃኒት ቤት ይያዝ።

በተግባር ሦስት ነገሮች ይጠበቁ። የፋብሪካው ላፕቶፕ ላይ የሱቁ ፋይል አይከፈትም፤ የፋብሪካው ማተሚያም የኮሌጁን ፈተና አያትምም። የእያንዳንዱ አሠሪ ሰነድ በየራሱ ፍላሽ፣ በየራሱ የቴሌግራም መልእክት መስመር ይሁን፤ ለሐጂ ሊላክ የተዘጋጀ የደረሰኝ ፎቶ ወደ ፋብሪካው የጋራ ግሩፕ የሚገባው በአንድ የተሳሳተ ጣት ነው። ሦስተኛው፣ ስለ አንዱ አሠሪ ለሌላው አለማማት ነው። ቡና ላይ «እዚያ ቤትስ እንዴት ነው አከፋፈሉ» ተብሎ ሲጠየቅ የሚጣፍጥ ወሬ ይወጣ ይሆናል፤ ጠያቂው ግን ነገ ስለ እሱም እንዲሁ እንደሚወራ በልቡ ይይዛል።

ደረጃ 7፦ ግብርንና ጡረታን ማስተካከል

ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ ባለው የደመወዝ ገቢ ግብር መሰላል፣ የወር ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይቀነስበታል። ሁለት ቦታ ደመወዝተኛ የሆነ ሰው የሚሳሳተው እያንዳንዱ አሠሪ መሰላሉን ከታች ጀምሮ ስለሚቆጥርለት ነው።

የምሳሌያችን ፋብሪካ 8,000፣ ኮሌጁ 4,000 ብር በወር ይከፍላሉ እንበል። ለየብቻ ሲሰላ ፋብሪካው 1,150፣ ኮሌጁ 300፣ በድምሩ 1,450 ብር ይቀንሳሉ። ገቢው አንድ ላይ 12,000 ተብሎ ሲሰላ ግን ግብሩ 2,250 ብር ይሆናል። የ800 ብር ልዩነት በየወሩ እየተከማቸ ሲሄድ የሚጠየቀው ሠራተኛው ነው። ስለዚህ ለሁለቱም አሠሪዎች ያንኑ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይስጡ፤ ገቢው እንዴት ተደምሮ እንደሚታወጅ ደግሞ ሁለቱን የፔሮል ወረቀት ይዘው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ቀርበው ይጠይቁ። ሁለት ቲን ነምበር ማውጣት አይሞከርም። በሙያ አገልግሎት ውል የሚከፈል ገንዘብ ከደመወዝ በተለየ ሥርዓት የሚታይ ስለሆነ፣ ይህንንም በዚያው ያጣሩ።

በጡረታ በኩል የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። የጡረታ መለያ ቁጥርዎ አንድ ሆኖ እንዲቀጥል ለአዲሱ አሠሪ ቁጥሩን መስጠት፣ የተቀነሰውም በስምዎ ገቢ መሆኑን አልፎ አልፎ ማረጋገጥ ነው።

ደረጃ 8፦ ሥራዎቹ በሚጋጩበት ቀን

አንዳንዱ ግጭት ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ሰኔ 30 የበጀት ዓመት ሲዘጋ ፋብሪካው ቆጠራ ላይ ነው፤ ኮሌጁ የመጨረሻ ፈተና ላይ ነው፤ ነጋዴውም የዓመት ሒሳቡን ይፈልጋል። ለሦስቱም በግንቦት መጀመሪያ ላይ ቀን ቆርጦ መስጠት ያስፈልጋል። ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከኢድና ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ለመዝገብ የሚሆን ፋታ የለውም፤ ያን ጊዜ መሄድ ለሁለታችሁም ድካም ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ፣ የማታ ክፍል ሰዓት ከኢፍጣር ጋር መጋጨት አለመጋጨቱን በየዓመቱ እንደ አዲስ ማየት ይገባል፤ ደሴ ላይ ክፍሉ ውስጥ የሚጾም ተማሪ አይጠፋምና ኮሌጁ ራሱ ሰዓቱን ቢያሸጋሽግ ደስ ይለዋል።

ያልታሰበ ግጭት ሲመጣ በደረጃ 1 የተሰየመው ዋና ሥራ ይቀድማል። ፋብሪካው አስቸኳይ ሥራ ገጥሞት ወይም የቀረ ሠራተኛ ለመተካት ትርፍ ሰዓት ቢያዝዝ ሕጋዊ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ክፍያውን ማወቅ ይጠቅማል፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ ላይ 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ለኮሌጁ ወዲያው ደውሎ የማካካሻ ቀን ከነሰዓቱ ማቅረብ ተገቢ ነው። «ዛሬ አልመጣም» ብቻ ብሎ ስልክ መዝጋት አንድ ማታን ብቻ አያሳጣም።

የማርፈድን ሒሳብ ደግሞ ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። ሠራተኛው በጽሑፍ እየተሰጠው ላለ ማስጠንቀቂያ ሳይታረም በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ካረፈደ፣ ወይም በዚሁ ሁኔታ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ከቀረ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። ማታ አስተምሮ፣ እስከ ሌሊት አርሞ ጠዋት የ12 ሰዓት ሚኒባስ ያመለጠው ሰው ስምንት ላይ ሳያውቀው ይደርሳል።

ሕመምን በተመለከተ ደንቡ አንድና ጥብቅ ነው፤ ከአንዱ አሠሪ የሕመም ፈቃድ የወሰደ ሰው ከሁሉም ዘንድ ታሟል። አዋጁ ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 2 ወራት በግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን 3 ወራት ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። ይህን ፈቃድ ይዞ ማታ ክፍል ገብቶ የተገኘ ሰው ከፋብሪካው ጋር ያለው ጉዳይ የማርፈድ መሆኑ ይቀርና የማጭበርበር ይሆናል፤ ኮሌጁም ቢሆን «ለእኛም እንዲህ ያደርጋል» ብሎ ያስባል። የዓመት ፈቃድ ግን የራስ ነው። ለመጀመሪያው አንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ይገኛል፤ ከዚህ ላይ ጥቂቱን ለሰኔ እርማት መመደብ ይቻላል፤ ሙሉውን ግን በሌላ ሥራ መጨረስ አልመክርም።

ለቅሶ ሲሆን ሦስቱም አሠሪዎች ይረዳሉ፤ ሳይነግሩ መቅረት ግን በለቅሶም አይደገፍም። ቅሬው ጥሪ ሲያደርግ ለሦስቱም አጭር መልእክት መላክ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

አንድ ያልተለመደ ነጥብ፣ በፋብሪካው ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የሚደርስ ጉዳት በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል። ወደ ሁለተኛው ሥራ በግል በተሳፈሩበት ሚኒባስ ለሚደርስ ጉዳት ግን ይህ ሽፋን አይኖርም። ሰርቪስ እያለ ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ በሌላ መኪና የሚሄድ ሰው ይህንን ይወቅ።

ደረጃ 9፦ አንዱን ሥራ መልቀቅ

ከሦስቱ አንዱ የሚለቀቅበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ቋሚ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቶ ይለቃል። ኮሌጅን በሴሚስተር መካከል መልቀቅ ሕጉ ቢፈቅድም ተማሪ ሜዳ ላይ መጣል ነውና ውጤት አስገብቶ መውጣት ይሻላል። ለነጋዴው መዝገቡን፣ ደረሰኙንና የሱቁን ቁልፍ በዝርዝር አስፈርሞ ማስረከብ፣ ተተኪ ካለም ከእሱ ጋር አንድ እሑድ አብሮ መሥራት ያስፈልጋል። ምናልባት የፋብሪካው ሥራ በተቋረጠ ጊዜ መጀመሪያ የሚደወለው ለዚሁ ነጋዴ ይሆናል።

ክሊራንስ ካለቀ በኋላ የሥራ ልምድ ማስረጃ ሲወሰድ ቀኖቹን ያስተያዩ። የፋብሪካውና የኮሌጁ ማስረጃ በአንድ ዘመን የተደራረበ አገልግሎት ስለሚያሳይ፣ የወደፊት ቀጣሪ ሁለቱን ሲያይ ከሁለት አንዱ ሐሰት ነው ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። ስለዚህ የኮሌጁ ማስረጃ «በትርፍ ጊዜ መምህርነት፣ በሳምንት 4 ሰዓት» የሚል ቃል እንዲኖረው ማኅተም ከመደረጉ በፊት ይጠይቁ፤ ማኅተም ካረፈበት በኋላ የሚታረም ደብዳቤ ከአንድ ሳምንት ምልልስ በታች አይገኝም።